«በዓሣ ነባሪዎች ጠብ የሽሪምፕ ጀርባ ይፈነዳል»፦ የኮሪያውያን ምሳሌ ትርጉምና አመጣጥ

እኛ «ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የምንለውን ኮሪያውያን ወደ ባሕር ወስደው ይናገሩታል፦ «ጎሬ ሳውሜ ሴኡ ድንግ ቶጂንዳ»። ጎሬ ዓሣ ነባሪ ነው። ሳውም ጠብ ሲሆን መጨረሻው ላይ የተቀጠለችው «ኤ» የኛን «በ» ትተካለች። ሴኡ ሽሪምፕ (ቅርፊት ያላት ትንሽ የባሕር እንስሳ)፣ ድንግ ደግሞ ጀርባ ነው (የ«ድ» ድምፅ አማርኛ ተናጋሪን አይቸግርም፣ ከሳድሳችን ጋር በጣም ይቀራረባል)። ቶጂንዳ «ይፈነዳል» ማለት ነው። አንዳንዱ «ይሰበራል» እያለ ይተረጉመዋል፤ ሽሪምፕ ግን የሚሰበር አጥንት የላትም። በሁለት ግዙፍ አካላት መሀል ተጨፍልቃ የሚፈነዳው ቅርፊቷ ነው።

አባባሉ የባሕር ዳር ሰው አባባል ነው። በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ኡልሳን አጠገብ፣ ባንጉዴ በተባለ ገደል ላይ በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት የተቀረጹ ዓሣ ነባሪዎች ዛሬም ይታያሉ። ሽሪምፕ ደግሞ የጓዳ ነገር ናት፤ ደቃቋ በጨው ተብላልታ ሴኡጆት ትሆንና ኪምቺ (ቅመም የበዛበት የተቦካ ጎመን) ውስጥ ትገባለች። ቦታ ጠቦት ተኮራምቶ የሚተኛ ሰው እንቅልፉ «ሴኡጃም»፣ የሽሪምፕ እንቅልፍ፣ ይባላል። ስለዚህ ኮሪያዊ ሽሪምፕ ሲባል ቀድሞ የሚታየው ጠባብ ቦታ ላይ የታጠፈ ጀርባ ነው። የተማሩት በአራት የቻይና ፊደላት «ግዮንግ ጆን ሃ ሳ» ብለው ጽፈውታል፦ ዓሣ ነባሪ፣ ውጊያ፣ ሽሪምፕ፣ ሞት። የሊቃውንቱ ቅጂ ሽሪምፗን ይገድላታል፣ የሕዝቡ ጀርባዋን አፈንድቶ ይተዋታል። የሕዝቡ ለእውነቱ ይቀርባል፤ በኃያላን መሀል ሽሪምፗ ራሷ ኮሪያ ናት፣ አልሞተችምና።

ከኛ ሣር ጋር ግን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ሣር በበቀለበት ይረገጣል፤ ዞር ማለት አይችልም። ሽሪምፕ ዋናተኛ ናት፣ «ምን ልታደርግ እዚያ ገባች?» የሚል ጥያቄ ይከተላታል።

አባባሉ በትክክል እንዲያርፍ ሦስት ወገን ያስፈልጋል፤ ሦስተኛው የጠቡ ባለቤት መሆን የለበትም፣ ጉዳቱም ሳይታለም የደረሰ መሆን አለበት። ሁለት አለቆች ተጣልተው ጸሐፊዋ ሁለት ዓይነት ትእዛዝ ሲደርሳት ይሠራል። ትልቁ ትንሹን በቀጥታ ሲመታ ግን አይሠራም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከራሷ ከኮሪያ ታሪክ ብንወስድ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1894 ቻይናና ጃፓን ፒዮንግያንግ ድረስ ገብተው ሲዋጉ፣ በ1904 ደግሞ ሩሲያና ጃፓን ሲገጥሙ ምሳሌው ልክ ነው። በ1910 ጃፓን ኮሪያን ስትውጥ ግን ያ ጠብ ሳይሆን አደን ነው። ሦስተኛው ወገን ካተረፈም አባባሉ ሌላ ነው፤ «ኦቡጂሪ»፣ የዓሣ አጥማጁ ትርፍ፣ ይሉታል። ከ1950 እስከ 1953 በነበረው የኮሪያ ጦርነት ለአሜሪካ ጦር ዕቃ እያቀረበች ኢኮኖሚዋን ያነሳችው ጃፓን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት።

የጀርባው መፈንዳት በግልጽ የሚታየው በ1945 ነው። ኦገስት 10 ሌሊት፣ ጃፓን እጇን ልትሰጥ ስትቃረብ፣ ዲን ራስክና ቻርልስ ቦንስቲል የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ኮሎኔሎች ዋሽንግተን ውስጥ በግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ከአንድ የመጽሔት ካርታ ላይ ኮሪያን ለሁለት የሚከፍለውን 38ኛውን የኬክሮስ መስመር መረጡ። ሴኡልን ወደ አሜሪካ ወገን ስለሚያስገባ ነበር የመረጡት። ኮሪያዊ አልተጠየቀም፤ ሶቪየት ኅብረትም ሳትከራከር ተቀበለች። በ1948 መስመሩ የሁለት መንግሥታት ድንበር ሆነ።

ይህን ብቻ ይዞ «ሽሪምፗ ንጹሕ ናት» ማለት ግን ስንፍና ነው። ኮሪያውያን ራሳቸው አባባሉን ገልብጠው «ሴኡ ሳውሜ ጎሬ ድንግ ቶጂንዳ» ይላሉ፦ በሽሪምፖች ጠብ የዓሣ ነባሪ ጀርባ ይፈነዳል። የበታቹ ባመጣው ጣጣ የበላዩ ሲጎዳ የሚነገር ነው። በ1950 ጸደይ ደቡብን ለመውረር ሞስኮ ሄዶ ስታሊንን፣ ቀጥሎ ቤጂንግ ሄዶ ማኦን ያስፈቀደው የሰሜኑ መሪ ኪም ኢል ሱንግ ነበር። የደቡቡ መሪ ሲንግማን ሪ ደግሞ «ወደ ሰሜን እንዝመት» ስላበዛ አሜሪካኖቹ ታንክ ከልክለውታል። ከሩቅ የመጡትም ከፍለውበታል። ከ1951 ጀምሮ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር የተዋጋው የኛው ቃኘው ሻለቃ ከ120 በላይ ሰው ገብሯል።

ጁላይ 27 ቀን 1953 የተፈረመው ተኩስ አቁም ነው፣ የሰላም ውል አይደለም፤ ደቡብ ኮሪያም አልፈረመችበትም። የተኩስ አቁሙን መስመር የሚያመለክቱት 1,292 ቢጫ ሰሌዳዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ ዛሬ ዝገዋል። ወደ ደቡብ የዞረው ፊታቸው በኮሪያና በእንግሊዝኛ፣ ወደ ሰሜን የዞረው በኮሪያና በቻይንኛ የተጻፈ ነው።

ዛሬ ደቡቦቹ ምሳሌውን የሚያነሱት ለገበያ ጭምር ነው። ሴኡል ታድ የተባለውን የአሜሪካ ፀረ ሚሳኤል ስታስገባ ሎተ የተባለው ኩባንያ ሶንግጁ ያለውን የጎልፍ ሜዳውን ለቦታው ሰጠ። ቻይና በዚህ ተቆጣች፤ በ2017 እዚያ ያሉት አብዛኞቹ የሎተ ሱፐርማርኬቶች ተዘጉ፣ የተሰጠው ምክንያትም በአብዛኛው የእሳት አደጋ መከላከያ ጉድለት ነበር። በ2016 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ቻይናዊ ጎብኚ በዓመቱ ወደ 4.2 ሚሊዮን ወረደ። በ2022 አሜሪካ የኮምፒውተር ቺፕ ማምረቻ መሣሪያ ወደ ቻይና እንዳይሄድ ስትከለክል ደግሞ ሺያን ያለው የሳምሰንግና ዉሺ ያለው የኤስኬ ሃይኒክስ ፋብሪካ በልዩ ፈቃድ መሥራት ነበረባቸው። «እኛ አሁን ሽሪምፕ አይደለንም፣ ዶልፊን ነን» የሚሉ አሉ፤ ፈቃድ እየለመኑ ዶልፊንነት ግን ትንሽ ይከብዳል።

ሰሜኗ ጨዋታውን ቀድማ ታውቅበታለች። በጁላይ 1961 በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሞስኮም ከቤጂንግም ጋር የመከላከያ ውል ፈርማለች። በጁን 2024 ከሩሲያ ጋር አዲስ ውል አድርጋ በዚያው ዓመት ወታደሮቿን ወደ ሩሲያዋ ግዛት ኩርስክ ላከች። ምሳሌውን የሚያስቸግረው ይህ ብቻ አይደለም። አባባሉ የሚያውቀው አንዲት ሽሪምፕን ነው፤ ኪም ጆንግ ኡን ግን በ2023 መጨረሻ ደቡብን ወገን ሳይሆን ጠላት አገር ብሎ የመዋሐድን ፖሊሲ ጣለ። ኦክቶበር 15 ቀን 2024 ወደ ደቡብ የሚያገናኙት ሁለቱ መንገዶች፣ በምዕራብና በምሥራቅ ጠረፍ ያሉት፣ በፈንጂ ተቆረጡ።