በቀን ክልል ዋጋ መፈለግ፦ ከአንድ ሠንጠረዥ ወደ ሌላው

በኤክሴል በቀን ክልል መፈለግ ማለት በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ያለ ቀን በሌላው ሠንጠረዥ ውስጥ የትኛው ጊዜ ላይ እንደሚያርፍ ለይቶ የዚያን ጊዜ ዋጋ ወይም ተመን ማምጣት ነው። በጅቡቲ በኩል ዕቃ አስገብቶ ኮምቦልቻ የሚያራግፍ፣ ደሴ የሚያከፋፍል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ይህ የዘወትር ሥራ ነው። ደረሰኙ በዶላር ነው፣ ቀን አለው፤ የምንዛሪ ተመኑ ግን ሌላ ሺት ላይ ተቀምጧል።

የተመን ሠንጠረዥ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ ለእያንዳንዱ ተመን መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ይይዛል፤ ሌላው መጀመሪያውን ብቻ። መጨረሻ ቀን ያለው ለዓይን ግልጽ ስለሆነ ይወደዳል፣ ጣጣው ግን ብዙ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዶላር መግዣ ከ57.48 ወደ 74.73 ብር ዘለለ። መዝጋቢው የአሮጌውን መጨረሻም የአዲሱን መጀመሪያም ሐምሌ 22 ካለ፣ ያ ቀን ሁለት ረድፍ ላይ ይወድቃል። በ‹ሰምኢፍስ› (SUMIFS፣ መስፈርት የሚያሟሉትን ረድፎች የሚደምር) የተሠራ ፎርሙላ ሁለቱን ደምሮ 132.21 ያወጣል፤ የ1,000 ዶላር ደረሰኝ 132,210 ብር ሆኖ ቁጭ ይላል። ስህተት የሚል ምልክት የለም። በተቃራኒው አንድ ቀን ከተዘለለ ውጤቱ 0 ነው፤ ይሄኛው እንኳ ቶሎ ያስነቃል። ቀኑ ሰዓት ካለውም (ከሶፍትዌር የወጣ ዝርዝር ብዙ ጊዜ አለው) ሐምሌ 21 ከሰዓት በኋላ የተመዘገበው ‹እስከ ሐምሌ 21› ከሚለው ረድፍ ያመልጣል፤ ለኤክሴል ሰዓት ያልተጻፈበት ቀን ማለት ዕለቱ የሚጀምርበት እኩለ ሌሊት ነውና።

ስለዚህ መጨረሻ ቀኑን መተው ይሻላል። አንድ ተመን የሚያበቃው ቀጣዩ ሲጀምር ስለሆነ ሁለቴ መጻፍ አያስፈልግም። መጀመሪያ ቀኖቹ ከድሮው ወደ አዲሱ ይደረደራሉ፤ ‹ቪሉክአፕ› (VLOOKUP) የሚባለው የመፈለጊያ ፎርሙላ ከደረሰኙ ቀን የማይበልጠውን የመጨረሻ ረድፍ ያመጣል። በፎርሙላው ቅንፍ ውስጥ አራተኛው ቦታ ላይ ‹ትሩ› (TRUE) ይገባል። ከልማድ ‹ፎልስ› (FALSE፣ ልክ ያንኑ ቀን ብቻ ፈልግ) የሚጽፍ ሰው፣ ተመን በተቀየረበት ዕለት ካልሆነ በቀር፣ ከ‹ኤንኤ› (#N/A፣ አልተገኘም የሚል ምልክት) ሌላ አያገኝም። ረድፎቹ ከተዘበራረቁ ደግሞ የተሳሳተ ተመን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊመጣ ይችላል። አዲሱ የመፈለጊያ ፎርሙላ ‹ኤክስሉክአፕ› (XLOOKUP) ያለው ኤክሴል (ከ2021 እትም ወዲህ ያለው ወይም 365) አምስተኛው ቦታ ላይ -1 ከገባለት መደርደሩን አይጠይቅም። ዋጋው በዕቃ የሚለያይ ከሆነ በ‹ማክስኢፍስ› (MAXIFS፣ መስፈርት ከሚያሟሉት ትልቁን የሚያወጣ) የዚያ ዕቃ የመጨረሻ የዋጋ ለውጥ ቀን፣ ከደረሰኙ ቀን ሳያልፍ፣ ይወጣል፤ ከዚያ በዕቃውና በዚያ ቀን ዋጋው ይለቀማል።

አገርኛው ችግር አቆጣጠሩ ነው። ኤክሴል የተጻፈለትን ቀን የሚያነበው በፈረንጁ ነው። ጥቅምት 30ን 30/02/2016 ብሎ ለሚጽፍ፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ጽሑፍ አድርጎ ይይዘዋል። የኮምፒውተሩ ቅንብር ወርን የሚያስቀድም ከሆነ ይብሳል፦ ሐምሌ 12 (12/11) ዲሴምበር 11 ይሆናል፣ ሐምሌ 13 ግን ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፣ ጳጉሜን 5 (5/13) ሜይ 13 ሆና ትገኛለች። አሰላለፉ ካልተነካ መለየቱ ቀላል ነው፤ ቀን የሆነው ወደ ሴሉ ቀኝ፣ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ ይጠጋል።

አስተማማኙ ዘዴ ቀኑን በ8 አኃዝ ቁጥር መጻፍ ነው፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ማለት 20161122 ነው። ይደረደራል፣ ይነጻጸራል፣ ጳጉሜንንም (20161305) ያለ ችግር ይይዛል። በሁለት ቀን መካከል ስንት ቀን እንዳለ ለመቁጠር ግን አይሆንም፤ ለዱቤ ክትትል የፈረንጁ ቀን በሌላ ዓምድ መኖር አለበት።

ሁለቱን አቆጣጠር በአንድ ዓምድ መቀላቀል ከሁሉም የከፋው ነው። የውጭ ሻጭ ደረሰኝ 2024 ይላል፣ የተመን ሠንጠረዡ 2016 ላይ ነው። ቀኑ ከሁሉም ረድፍ ስለሚበልጥ ፎርሙላው ምንጊዜም የመጨረሻውን ተመን ይሰጣል። የተለያየ ቀን ባላቸው ደረሰኞች ፊት አንድ ተመን ሲደጋገም መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።