አንድ ሴሚስተር በጀርመን፦ የኢትዮጵያ ተማሪ ዝግጅትና በጀት

የአንድ ሴሚስተር ልውውጥ የሚባለው ተማሪው ከራሱ ዩኒቨርሲቲ ሳይለቅ ከአራት እስከ ስድስት ወር ውጭ ተምሮ፣ ውጤቱን ይዞ የሚመለስበት አሠራር ነው። ዲግሪውን የሚሰጠው እዚህ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው። ከኢትዮጵያ ተማሪ የሚቀበለው አገር ብዙ ነው። ቻይና፣ ቱርክና ሀንጋሪ የየራሳቸው የስኮላርሽፕ በር አላቸው። ይህ ጽሑፍ ግን ጀርመን ላይ ያተኩራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አጠናቃሪው የሚያውቀው እሱን ነው። ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጎታ እስከ ኢራስመስ

የሁለቱ አገሮች የትምህርት ግንኙነት ከኤምባሲዎቹ በፊት የጀመረ ነው። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። በ1649 ሮም ውስጥ፣ ሐበሾች ያርፉበት በነበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል የሃያ አምስት ዓመት ጀርመናዊ ጋር ተዋወቁ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ለቅሟል፤ መናገር ግን አይሆንለትም ነበር። በ1652 መስፍኑ ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ከተማው፣ ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ጎታ፣ ጠራቸው። ፍሪደንሽታይን በሚባለው ቤተ መንግሥት ጥቂት ወራት ተቀመጡ። ዛሬ ቢሆን አንድ ሴሚስተር የሚባል ጊዜ ነው። ሉዶልፍ ከእሳቸው የሰማውን እየመዘገበ ቆይቶ፣ የአማርኛ ሰዋስዉን በ1698 አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን አገራቸውን አላዩም። በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ አረፉ። እንደ ተማሪ ይቆጠሩ ወይስ እንደ መምህር? መምህር ነበሩ፤ ይህ ብዙ የሚያከራክር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ነው። በ1920ዎቹ ራስ ተፈሪ ወጣቶችን ወደ ቤይሩት፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ አሜሪካ ላኩ። ስድስት ኪሎ ያለው አንጋፋው ዩኒቨርሲቲያችን በ1950 በኮሌጅነት ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ለከፍተኛ ትምህርት የሚሄደው ምሩቅ በረከተ። በደርግ ጊዜ ጉዞው ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ኩባና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ነበር። እነዚህ ሁሉ ግን ባብዛኛው ለሙሉ ዲግሪ የተደረጉ ጉዞዎች ናቸው።

ለአንድ ሴሚስተር ሄዶ መመለስ የተለመደው በቅርቡ ነው። ኢራስመስ የሚባለው የአውሮፓ የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም በ1987 ሲጀመር ለአውሮፓውያን ብቻ ነበር። የልውውጡ በር ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በሰፊው የተከፈተው ከ2015 ወዲህ ነው። በ1925 የተመሠረተው የጀርመን የልውውጥ ተቋም ዳአድም የቆየ ደጋፊ ነው። ጅማ ከሙኒክ ጋር፣ አዲስ አበባ ከሃምቡርግ ጋር የኖረ ትስስር አላቸው። ሃምቡርግ የሉዶልፍን ስም የያዘ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል አለ። እዚያ ኮሪደር ላይ አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም።

ወረቀቱ

የጀርመን የክረምት ሴሚስተር ኦክቶበር 1 ይገባል፤ ክፍል የሚጀመረው ግን በወሩ አጋማሽ አካባቢ ነው። ስለዚህ ተማሪው መስቀልን እዚህ አክብሮ፣ ሳምንት ሳይሞላው ይበራል ማለት ነው። ወደ ኋላ ሲቆጠር ቪዛው በሰኔና በሐምሌ፣ የትምህርት ስምምነቱ በግንቦት፣ የዩኒቨርሲቲው ምርጫ ደግሞ ከፋሲካ በፊት ማለቅ አለበት። በነሐሴ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም።

የትምህርት ስምምነት ማለት እዚያ የሚወሰዱት ኮርሶች እዚህ በምን እንደሚተኩ ሦስት ወገን የሚፈርምበት ወረቀት ነው፤ ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ። ሙሉ ሴሚስተር 30 የአውሮፓ ክሬዲት ነው። ይህን ወረቀት የዲፓርትመንት ኃላፊ ሳይፈርምበት መሄድ ግማሽ ዓመት ማቃጠል ነው። «ስትመለስ እናየዋለን» የሚለው ቃል ፊርማ አይደለም።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። የጀርመኑ ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ሳይሞላ አያልፍም። መፍትሔው ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ በአንድ «ኢ»፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት «ኢ» የተጻፈ የአባት ስም ቆይቶ ባንክ ላይ ይይዛል። የሰዓቱም ነገር አለ። የቪዛ ቀጠሮ 9:00 ካለ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቀበና ያለው የጀርመን ኤምባሲ ደርሶ በሩ የተዘጋበት ሰው ታሪክ ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድ አይደለም።

ቆይታው ከ90 ቀን ስለሚያልፍ የሚጠየቀው ብሔራዊ ቪዛ ነው። ክፍያው 75 ዩሮ ነው፣ በዕለቱ ምንዛሪ። ስኮላርሽፕ የሌለው ተማሪ ሽፔርኮንቶ የሚባል የታገደ ሒሳብ ይከፍታል፤ ገንዘቡን አስቀድሞ ያስገባል፣ በየወሩ ተቆርሶ ይሰጠዋል። ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ ልኩ በወር 992 ዩሮ፣ ለዓመት 11,904 ዩሮ ሆኗል። የስኮላርሽፕ ደብዳቤ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይድናል።

ገንዘቡ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከ100 አለፈ። ከዚያ በፊት በብር የተሠራ በጀት ሁሉ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ሁለት ዓምድ መሥራት ይሻላል፤ እዚህ የሚወጣው በብር፣ እዚያ የሚወጣው በዩሮ። እዚህ የሚወጣው መደበኛው ፓስፖርት (5,000 ብር)፣ ቪዛ፣ ሰነድ ማረጋገጫና ትርጉም ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚማር ደግሞ የምልልስ ትራንስፖርትና የአልጋ አለ። ይህን ዕቁብም ሆነ ቤተሰብ ይሸፍነዋል።

የኢራስመስ ድጋፍ ከእኛ ለሚሄድ ተማሪ እንደ አገሩ በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ ነው። የጉዞው በርቀት ይሰላል። ከአዲስ አበባ ጀርመን ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ለዓመታት 820 ዩሮ ነበር፤ በ2024 ወደ 1,188 ከፍ አለ። የትምህርት ክፍያ የለም። ሲታይ የሚበቃ ይመስላል፤ ደግሞም ይበቃል። የማይበቃው የመጀመሪያው ወር ነው።

በቁጥር እንየው። የተማሪ መኖሪያ ክፍል በ350 ዩሮ ተገኘ እንበል። ማስያዣው የሁለት ወር፣ 700። (ሕጉ ያለ መብራትና ማሞቂያ ከሚሰላው ኪራይ እስከ ሦስት ወር ድረስ ይፈቅዳል።) የሴሚስተር መዋጮ 200። የጤና መድን 140 አካባቢ። ቪዛው ሙሉ ጊዜውን ካልሸፈነ የመኖሪያ ፈቃድ 100። ለካፖርት፣ ለብርድ ልብስና ለድስት 130። ለምግብ 200። ተደምሮ 1,820 ዩሮ ሆነ። በሁለተኛው ወር ያው ተማሪ በ750 ይኖራል። የሴሚስተር መዋጮው በብዙ ከተሞች የባቡርና የአውቶቡስ ትኬት ስለሚይዝ ትራንስፖርት አይከብድም። ሜንዛ የሚባለው የተማሪ ምግብ ቤት ከ3 እስከ 5 ዩሮ ያበላል።

ሌላ ወጥመድም አለ። ድጋፉ የሚገባው ጀርመን በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው። ባንኩ የአድራሻ ምዝገባ ወረቀት ይጠይቃል። ምዝገባው የቤት ውል ይፈልጋል። ቤቱ ደግሞ ማስያዣ ካልተከፈለ አይሰጥም። አጠናቃሪው ይህን ክብ ሲዞር አምስት ሳምንት ፈጅቶበታል። በሽሮና በሜንዛ ድንች ነው ያለፈው። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር ወጪ፣ 1,820 ዩሮ፣ በእጅ ወይም በካርድ ይዞ መግባት ያስፈልጋል። ከባንክ የተገዛበትን ደረሰኝ መያዝም ግድ ነው። ዩኒቨርሲቲውን ማስያዣውን እንዲያስቀድም መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አንዳንዱ እሺ ይላል።

ሥራን በተመለከተ ሕጉ ከ2024 ጀምሮ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቅዳል። ሠርተው የሚከፍሉም አሉ። ግን በአራት ወር ውስጥ ሥራ ፈልጎ፣ ቋንቋ ሳይዙ፣ ሠላሳ ክሬዲት ተሸክሞ መሥራት ይከብዳል። በጀቱ ውስጥ በዜሮ ይጻፍ።

ሻንጣው

ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ነው። ከዚህ ውስጥ እናት ቢያንስ አንዱን ትወስዳለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ችግር የለባቸውም። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በመንገደኛ እጅ አይገባም። ጉምሩክ ካገኘ ይወርሳል። የተነጠረም ቢሆን ቅቤ ቅቤ ነው። ጭኮም ቅቤ ስላለበት ይቅርብን። ፍራንክፈርት ላይ የአንዲት እናት የስድስት ወር ቅቤ ወደ ቆሻሻ ሲገባ ማየት ያሳዝናል።

ካፖርት ከዚህ ገዝቶ መሄድ ኪሎ ማባከን ነው። እዚያ የሳልባጅ ገበያ አለ፤ በየከተማው ቅዳሜና እሑድ ይቆማል። አንድ ጥሩ ሹራብና የውስጥ ሙቀት ልብስ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል።

መመለሻ

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሦስት ነገር ይቀራል። አንደኛው የአድራሻ ስረዛ ነው። ካልተሰረዘ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ፣ በወር 18.36 ዩሮ፣ መቆጠሩን አያቆምም፤ ደብዳቤው ባዶ ክፍል ይመጣል። ሁለተኛው ትራንስክሪፕት ነው። ፈተናው ፌብሩዋሪ ላይ ቢያልቅም ውጤቱ ቆይቶ ይወጣል፤ የልውውጥ ቢሮው በኢሜይል እንዲልክ አስቀድሞ ማስፈረም ይሻላል። ሦስተኛው ማስያዣው ነው። ባለቤቱ ክፍሉን አይቶ፣ የመብራትና የማሞቂያ ሒሳብ አስልቶ ሲመልስ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ የጀርመኑን የባንክ ሒሳብ አለመዝጋት ነው።