የአሮጌ ቤት ታሪክ ፍለጋ በፒያሳና በአካባቢው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአዲስ አበባ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከሠራተኛ ሰፈር እስከ ደጃች ውቤ ሰፈር ባለው አካባቢ ስለሚገኝ አንድ አሮጌ ቤት «የማን ቤት ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ ለማግኘት ብዙ አይደክምም። ሆኖም እንዲህ በቀላሉ የሚገኘው መልስ ብዙውን ጊዜ የአንድ ሹም ስም ብቻ ነው፤ በቤቱ ውስጥ የኖሩት ሰዎች የሉበትም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በስፋት ከፈረሱ ወዲህ ጥያቄው ቤቱ ራሱ በሌለበት ቦታ ጭምር ስለሚነሳ፣ ጀማሪ አጥኚን የሚያሳስቱ አንዳንድ አመለካከቶችን ማረም ተገቢ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ፎቅና በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ሁሉ ጣሊያን የሠራው ነው።»

እውነታው፦ ፒያሳ የሚለው ስያሜ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ አራዳ የሚባለው ይኸው ሰፈር ግን ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከመግባቱ በፊትም የከተማዋ ዋና የገበያ ሥፍራ ነበር። ዛሬ ጣይቱ ሆቴል የምንለው ሕንፃ የተሠራው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን የመኳንንቱንና የነጋዴዎቹን ቤቶች የሠሩት የሀገሬው ሠራተኞች ከህንድ፣ ከአርመንና ከግሪክ ባለሙያዎች ጋር በመሆን ሲሆን፣ አርመናዊው መሐንዲስ ሚናስ ኸርቤኪያን ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ምድር ቤቱ በድንጋይ፣ ፎቁ በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ፣ በእንጨት በረንዳ የተከበበና ቆርቆሮ የለበሰ ቤት በአብዛኛው ከወረራው በፊት የነበረውን አሠራር ያሳያል።

በበር ጉበን ላይ የተቀረጸ ዓመትም ቢሆን ብቻውን አይታመንም። አንድ የነጋዴ ቤት 1930 የሚል ቁጥር ቢኖረው፣ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ የተሠራው በወረራው መካከል ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ ግን በ1922 ወይም በ1923 ዓ.ም.፣ ማለትም ጣሊያን ከመግባቱ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ያንኑ ቤት ከወረራው ወዲህ ወይም ወዲያ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ቁጥሩን ከማመን በፊት ባለቤቱ በየትኛው አቆጣጠር የሚጽፍ ሰው እንደነበረ ማጣራት ያስፈልጋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ካርታው በማን ስም እንደወጣ ካወቅሁ የቤቱን ታሪክ አወቅሁ።»

እውነታው፦ ካርታ ስለ ይዞታ ይናገራል እንጂ ስለ ኑሮ አይናገርም። ትልቁ መቆራረጫ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሲሆን፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደለት፤ ከተወረሱት ቤቶች መካከልም ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። ከዚህ የተነሣ የአንድ ግቢ ታሪክ በአንድ ፋይል አይገኝም፤ የዋናው ቤት ወረቀት በአንድ ቦታ፣ የሰርቪስ ቤቶቹ በሌላ ቦታ፣ ከ1967 ዓ.ም. በፊት ያለው ደግሞ በሦስተኛ ቦታ ሊሆን ይችላል። በመዛግብት ረገድ ካየነው፣ የቀበሌ የኪራይ ካርኒ ከባለ ማዕረጉ ካርታ ይልቅ ስለ ነዋሪዎች ብዙ ይነግረናል፤ ሳሎኑ ለአንድ ቤተሰብ፣ እልፍኙ ለሌላው፣ የፈረስ ቤቱ ለሦስተኛው የተሰጠበት ጊዜ የሚታወቀው ከእርሱ ነውና።

እዚህ ላይ የቤት ቁጥርን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። አንድ ደጃፍ ላይ ሦስት ቁጥሮች አይቻለሁ፤ አንዱ በተደራረበ ቀለም ሥር የሚታይ፣ ሁለተኛው በዛገ ቆርቆሮ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ፣ ሦስተኛው በቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ በችኮላ የተጫረ። ቀበሌዎች በየጊዜው ተጣምረዋል፤ በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀርም አድራሻው ሁሉ ተቀይሯል። ስለዚህ በአሮጌ ሰነድ ላይ ያገኙትን ቁጥር ይዘው ዛሬ ያንኑ ቁጥር የያዘውን ደጅ ቢያንኳኩ የሌላ ሰው ቤት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ሁልጊዜ ከቀበሌውና ከዓመቱ ጋር አብሮ መመዝገብ ይበጃል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «የነዋሪውን ስም ካወቅሁ በመዝገብ ውስጥ አገኘዋለሁ።»

እውነታው፦ የቤተሰብ መጠሪያ በሌለበት ሀገር አባትና ልጅ በአንድ የጋራ መጠሪያ አይመዘገቡም፤ ሚስትም የምትጠራው በራሷ አባት ስም ስለሆነ ባልና ሚስቱን ለማግኘት ሁለት ስም ይዞ መነሣት ግድ ነው። ማዕረግም ይለወጣል፤ በአንድ ውል ላይ ባላምባራስ የተባለው ሰው በሌላው ቀኛዝማች፣ ከዚያም ፊታውራሪ ሆኖ ይመጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ የሚታወቀው በፈረስ ስሙ ነው። ይኸው መለዋወጥ ግን ቀን የሌለውን ሰነድ ዘመን ለመገመት ይጠቅማል። ተፈሪ መኮንን በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ፣ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ፣ በ1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ስለጫኑ፣ «አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ» እያለ በዚያው ማዕረግ ላይ እንዳሉ የሚጠቅሳቸው ውል በ1909 እና በ1921 ዓ.ም. መካከል የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ሰነዱ ሁሉ ተቃጥሏል።»

እውነታው፦ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበሩት ቀናት ከተማዋ መዘረፏና መቃጠሏ እርግጥ ነው። ቢሆንም የጠፋው ሁሉም አይደለም። በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብዙ ወረቀት አለ፤ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣና ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ያለው አዲስ ዘመንም አሉ። በተለይ የአዲስ ዘመን የፍርድ ቤት ጥሪዎችና የጠፋ ካርታ ማስታወቂያዎች ሰዎች ቸል ቢሏቸውም የወራሾችን ስም ከነአባታቸው የሚሰጡ ናቸው። ከሁሉም በላይ የምመክረው ግን የእድር መዝገብ ነው። በደጃች ውቤ ሰፈር ያየሁት አንድ የእድር ደብተር በእስክሪብቶ የተሠመረ ሲሆን፣ ከአባሉ ስም ትይዩ የቤት ቁጥሩ፣ ከዚያ የወር መዋጮው፣ በመጨረሻም በቀይ «ዐርፈዋል» የሚል ቃልና ቀን ሰፍሮበታል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ከማዘጋጃ ቤት መጠበቅ ከንቱ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «የሰፈሩ ሽማግሌ ከነገሩኝ በቂ ነው።»

እውነታው፦ በቂ የሚሆነው ጥያቄው ትክክል ሲሆን ነው። «የማን ቤት ነበር?» ሲባሉ ሽማግሌዎች የሰሙትን ይናገራሉ፤ «ቧንቧው የት ነበር? ኪራይ የሚሰበስበው ማን ነበር? በዚህ ክፍል ማን ያድር ነበር?» ሲባሉ ግን ያዩትን ይናገራሉ። ሰፈሩ ሁሉ «የደጃዝማች ቤት» ስለሚለው አንድ ፎቅ የጠየቅኋቸው እማማ ሳቁና «ደጃዝማቹማ አንድ ቀንም አላደሩበት፤ አከራዩት እንጂ። ታች ግሪኩ ዳቦ ይጋግር ነበር፣ ላይ ደግሞ እኛ ነበርን» አሉኝ።