ዝግጁ ሰርቨሮች ለአነስተኛ የኢንተርኔት አቅራቢዎች፦ የባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ሁኔታ

ዝግጁ ሰርቨር የሚባለው ለተወሰነ ሥራ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር በፋብሪካ ተጭኖበት የሚሸጥ፣ ገመድ ከተሰካለት በኋላ በብራውዘር በሚከፈት ገጽ የሚተዳደር ኮምፒውተር ነው። በባሕር ዳር ይህን መሣሪያ የሚፈልጉት በአብዛኛው አንድ የፋይበር መስመር ተከራይተው ለብዙ ሰው የሚያከፋፍሉ የሐይቅ ዳር ሆቴሎችና ሎጆች፣ ኮሌጆችና የንግድ ሕንፃዎች ናቸው። ኢንተርኔትን ለሕዝብ መሸጥ ግን በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ ዕቃውን መግዛት ብቻውን ማንንም አቅራቢ አያደርግም።

የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ቀደምት ምሳሌ የአሜሪካው ኩባንያ ኮባልት ኔትወርክስ እ.ኤ.አ. በ1998 ለገበያ ያቀረበው ኪዩብና እሱን ተከትሎ የመጣው ራክ ነው። ራክ ኢሜይልንና ድረ ገጽን በአንድ ጠፍጣፋ ሣጥን ይዞ በቀጥታ ለአነስተኛ አቅራቢዎች የታሰበ ነበር። የአሜሪካው ኮምፒውተር ሠሪ ሳን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2000 በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማምቶ፣ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ምርቱን አቆመ። መሣሪያዎቹ እየሠሩ ማሻሻያቸው ተቋረጠ፤ ሶፍትዌሩን በነፃ ኮድ ያቆዩት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው። ዛሬ በአነስተኛ አቅራቢዎች ዘንድ በሰፊው የሚታየው የላትቪያው ማይክሮቲክ ኩባንያ ራውተር (ኢንተርኔቱን ለተጠቃሚዎች የሚያከፋፍል ሣጥን) ነው፤ ለየመሣሪያው የኔትወርክ አድራሻ ማደልን፣ የይለፍ ቃልና የቮቸር (የመግቢያ ኮድ) ቁጥጥርን፣ የፍጥነት ገደብንና ፋየርዎልን (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚከለክል አጥር) በአንድነት ይሠራል።

በጣና ዳርቻ የዝግጁ ሰርቨር ትልቁ ብርታት ከቅለቱ ይልቅ የኤሌክትሪክ ፍጆታው ማነስ ነው። ምንም እንኳ ጢስ ዓባይና ጣና በለስ የኃይል ማመንጫዎች በአካባቢው ቢገኙም፣ መብራት በሄደ ጊዜ ሆቴሉ የሚተማመነው በባትሪውና በጀነሬተሩ ነው። 20 ዋት የሚወስድ ሣጥን፣ ከ100 አምፒር ሰዓት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ግማሹን ብቻ ቢጠቀም እንኳ፣ በስሌት 30 ሰዓት ይሠራል፤ 300 ዋት የሚፈጅ መደበኛ ሰርቨር በዚያው ኃይል 2 ሰዓት ብቻ ይሠራል። ብዙዎቹ ትናንሽ ሣጥኖች ቀጥተኛ ጅረት ስለሚቀበሉ በኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት በሚቀይረው መሣሪያ) በኩል የሚባክነው ኃይልም ይቀራል።

ሙቀት ሌላው ጉዳይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በዚህም ምክንያት ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። አንዳንድ አምራቾች ከ900 ሜትር ገደማ በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር የተፈቀደውን ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ ዝቅ ያደርጋሉ። ማራገቢያ የሌለው ሣጥን አቧራ ባይስብም፣ በደረጃ ሥር ባለ የተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከታጎረ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት መታመሙ አይቀርም። የክረምቱ መብረቅ ደግሞ በጣራ ላይ ካለው አንቴና በኔትወርክ ገመዱ ተጉዞ ወደቡን ያቃጥላል፤ ምድር ሽቦና የገመድ መብረቅ መከላከያ ከሣጥኑ ጋር ተሽጠው አይመጡምና ገዢው ለብቻ ሊያስብባቸው ይገባል።

ድክመቱ ተጠቃሚ ሲበዛ ይወጣል። የማይክሮቲክ ደረጃ 4 የሶፍትዌር ፈቃድ በአንድ ጊዜ 200 የሆትስፖት (በመግቢያ ገጽ በኩል ኢንተርኔት የሚገባ) ተጠቃሚ፣ ደረጃ 5 ደግሞ 500 ብቻ ያስተናግዳል፤ ገደቡ ሲደርስ አዲስ የገባው እንግዳ ምክንያቱን ሳያውቅ ኢንተርኔት ይከለከላል። ይህ ፈቃድ አንዴ የሚከፈልበት ሲሆን፣ ብዙ የፋየርዎል አምራቾች ግን በየዓመቱ በዶላር የሚታደስ ክፍያ ስለሚጠይቁ፣ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሸክሙ ከብዷል። የድረ ገጾችን ቅጂ በማስቀመጥ መስመር ይቆጥባል ተብሎ የሚሸጠው ሣጥንም፣ አብዛኛው ትራፊክ በምስጠራ ስለሚያልፍና ውስጡ ስለማይነበብ፣ ዛሬ የሚያድነው ኢምንት ነው። ጎግልና ኔትፍሊክስ የራሳቸውን ማከማቻ ሰርቨር በነፃ የሚሰጡት በጊጋቢት የሚቆጠር ትራፊክ ላላቸው አቅራቢዎች ስለሆነ፣ ባለ 40 ክፍል ሎጅ በዚያ በር አይገባም።

ከሁሉ የሚያሰጋው፣ ቀላል ነው ተብሎ የተገዛው ዕቃ ከተሰካ በኋላ መረሳቱ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ማይክሮቲክ አንድ የደኅንነት ቀዳዳ በማሻሻያ ደፍኖ ነበር፤ ይሁንና በዚያው ዓመት ነሐሴ ማሻሻያውን ያልጫኑ ከመቶ ሺህ በላይ ራውተሮች ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ለማምረት ተጠልፈዋል። ማሻሻያ የሚጭን ሰው በሌለበት ቤት፣ ዝግጁ ሰርቨር ከተራ ኮምፒውተር የተሻለ ጥበቃ አለው ለማለት ያስቸግራል።

ስለዚህ በጣና ዳር ላሉት ለዘጌ ወይም ለጎርጎራ ዓይነት ቦታ፣ መለዋወጫ በቅርብ በማይገኝበት፣ ከአንድ ትልቅ ሣጥን ይልቅ ሁለት ተመሳሳይ ትናንሽ መግዛት ይመረጣል፤ አንደኛው ይሠራል፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ቅንብር ተጭኖበት ሳይሰካ ይቀመጣል፤ የቅንብሩ ፋይል ቅጂም ከሁለቱም ውጭ በፍላሽ ይያዛል።