ግሪን ቤልት ላይ የሚሠራ ቤትን መቃወም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንግሊዝ ውስጥ ከመንደሩ ዳር ባለው የግሪን ቤልት (በከተሞች ዙሪያ ሳይገነባበት ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የተከለለ) መሬት ላይ ቤት ሊሠራ ነው የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ነዋሪው የሚሰማው ምክር ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ አብዛኛውም ስህተት ነው። የሚያናድደው፣ ሰው አስተያየት የሚሰጥባትን 21 ቀን በዚሁ ምክር ሲያቃጥላት ማየት ነው።

«ብዙ ፊርማ ካሰባሰብን ይቆማል»

አይቆምም። የግንባታ ማመልከቻ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። በ2004 የወጣው የፕላን ሕግ አንቀጽ 38(6) ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የአካባቢውን የልማት ፕላን ተከትሎ እንዲወስን ያስገድደዋል፤ ከፕላኑ መውጣት የሚችለው ከመሬት አጠቃቀም ጋር የተያያዘ በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። ሁለት ሺህ ሰው የፈረመበት አንድ ነጥብ ያው አንድ ነጥብ ነው። ከጎረቤት ተገልብጦ የተላከ ደብዳቤም እንደዚያው።

ማመልከቻውን የሚወስነው የካውንስሉ ኮሚቴ በጩኸት ተገፍቶ ያለ በቂ ምክንያት ከከለከለ ደግሞ ገንቢው ይግባኝ ይላል። ይግባኙን የሚያየው የመንግሥት ኢንስፔክተር ግንባታውን ከመፍቀዱም በላይ ካውንስሉ የገንቢውን የይግባኝ ወጪ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል፤ ያ ገንዘብ ከነዋሪው ግብር የሚወጣ ነው።

ሚዛን የሚደፋው ሰነዱን አንብቦ ጉድለቱን ማሳየት ነው። መጀመሪያ የማመልከቻውን ዓይነት እዩ። «አውትላይን» (ዝርዝሩ ለኋላ የሚቀር የመጀመሪያ ማመልከቻ) ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጸድቀው ቤት የመሥራቱ ሐሳብና የመኪና መግቢያው ብቻ ነው። የቤቶቹ ሥዕል ለማሳያ የቀረበ ስለሆነ ስለ መስኮትና ስለ ጣሪያ ቀለም አትጻፉ። ቀጥላችሁ የትራፊክ ጥናቱን ክፈቱና መኪና የተቆጠረበትን ቀን ፈልጉ፤ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ሳምንት ከሆነ ቀኑንና ገጹን ጠቅሳችሁ ጻፉ። «መንገዱ ይጨናነቃል» ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ብሔራዊው ፖሊሲ በመንገድ ምክንያት የሚከለክለው በደኅንነት ላይ ተቀባይነት የሌለው ጉዳት ሲኖር ወይም የትራፊክ ጫናው «ከባድ» ሲሆን ነው። በሕግ የምትጠበቀው የሌሊት ወፍ ከማደሪያዋ ስትወጣ የሚደረገው ቅኝት ወቅቱ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው፤ በዲሴምበር የተደረገ ከሆነ ያንኑ አንሡ። ማሳው ላይ ውሃ የሚተኛ ከሆነ ቀኑና ቦታው የተጻፈበት ፎቶ አያይዙ። በአንድ አንቀጽ አንድ ነጥብ፣ ከጎኑ የፖሊሲው ቁጥር፤ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይሻላል።

«ግሪን ቤልት ላይ በፍጹም አይሠራም»

ድሮም «እጅግ ልዩ ሁኔታ» ሲኖር ይፈቀድ ነበር። ከዲሴምበር 2024 ወዲህ ደግሞ ግሬይ ቤልት የሚባል ምድብ መጥቷል። ግሪን ቤልት አምስት ዓላማዎች አሉት፤ ለዚህ ምድብ የሚታዩት ሦስቱ ናቸው፦ የትልልቅ ከተሞችን መስፋፋት መግታት፣ አጎራባች ከተሞች እንዳይገጣጠሙ ማድረግ፣ የታሪካዊ ከተሞችን ገጽታ መጠበቅ። ቀድሞ የተገነባበትም ሆነ ሌላ መሬት፣ ከእነዚህ ከሦስቱ ለአንዱም ጠንካራ አስተዋጽኦ ከሌለው፣ ግሬይ ቤልት ሊባል ይችላል።

ብዙ ተቃውሞ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «መንደራችን ከጎረቤት መንደር ጋር ይገጣጠማል» ይላሉ፤ የመንግሥት መመሪያ ግን ሁለተኛው ዓላማ የሚመለከተው ከተሞችን እንጂ መንደሮችን አይደለም ይላል። የገጠሩን መሬት መጠበቅም ከአምስቱ አንዱ ሆኖ ሳለ ለዚህ ምድብ አይቆጠርም። ስለዚህ መሬቱ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚያገለግል በካርታ አሳዩ። ግሬይ ቤልት ቢባል እንኳ ገንቢው ያልተሟላ የቤት ፍላጎት መኖሩን፣ ቦታው ለትራንስፖርት የሚመች መሆኑንና የቀረው ግሪን ቤልት ዓላማ በመሠረቱ እንደማይናድ ማሳየት አለበት፤ ትልቅ የቤት ልማት ከሆነ በአቅም የሚገኙ ቤቶችንና ለሕዝብ ክፍት የሆነ አረንጓዴ ቦታ ማካተትም ይጠበቅበታል። እያንዳንዱን ለየብቻ ፈትሹ።

«የሚጠበቀው ውብ ስለሆነ ነው»

አይደለም፤ የሚጠበቀው ሳይገነባበት ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ነው። አስቀያሚ ማሳም ግሪን ቤልት ይሆናል።

«የሕዝብ መሬት ነው»

አብዛኛው የግል ነው። ሕጋዊ የእግር መንገድ ወይም ሌላ ሕጋዊ የመግባት ፈቃድ ከሌለው በቀር መግባት መብት አይደለም።

«የቤቴ ዋጋ ይወርዳል፣ እይታዬ ይጋረዳል»

ሁለቱም ለውሳኔው ከግምት አይገቡም። ከግምት የሚገባው ቤታችሁ ብርሃን ማጣቱ ወይም አዲሱ መስኮት ወደ ጓዳችሁ ማየቱ ነው።

«ከተፈቀደ ይግባኝ እንላለን»

ይግባኝ ያለው አመልካቹ ብቻ ነው። ለተቃዋሚ የቀረው ፍርድ ቤት ነው፤ ጊዜው ስድስት ሳምንት ነው፣ ዳኛውም የሚመረምረው አሠራሩ ሕጋዊ መሆኑን እንጂ ውሳኔው ጥሩ መሆኑን አይደለም። ወጪውም ቀላል ስላልሆነ ጠበቃ ሳታማክሩ አትጀምሩ።

«ማመልከቻው ሲመጣ እንነሣለን»

መሬት ከግሪን ቤልት የሚወጣው ካውንስሉ የአካባቢውን ፕላን ሲያዘጋጅ ነው፤ ለዚያም «ልዩ ሁኔታ» መኖሩን ማሳየት ይጠበቅበታል። አንዴ ከወጣ በኋላ ማመልከቻ ሲመጣ የግሪን ቤልት ክርክር የለም። ስለዚህ በካውንስሉ የፕላን ማሳወቂያ ዝርዝር ላይ ኢሜይላችሁን ዛሬውኑ አስመዝግቡ። ፕላኑ ለምርመራ ከመላኩ በፊት ባለው የመጨረሻ ዙር ለውጥ ጠይቆ በጽሑፍ ያቀረበ ሰው ኢንስፔክተሩ ፊት ቀርቦ የመናገር መብት አለው፤ በዚያ ዙር ያልጻፈ ይህ መብት የለውም።