ከኮክፒት ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ኮክፒት፦ የአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪ የሥራ ዘመን

ተዋጊ ጄት የሚያበር ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሰማይ ላይ የሚኖር ይመስለናል። በአሜሪካ አየር ኃይል ግን እንደዚያ አይደለም። አብራሪው መጀመሪያ መኮንን ነው። አየር ኃይሉም ዛሬ ከሚያበረው ሰው ውስጥ የነገውን የስኳድሮን (የበረራ ክፍል) አዛዥ፣ የከነገ ወዲያውን ጄኔራል ይፈልጋል። ስለዚህ በየሦስት ዓመቱ ገደማ ምድቡ ይቀየራል። አንዱ ምድብ አውሮፕላን አለው፣ ሌላው ወንበርና ኮምፒውተር ብቻ።

አጀማመሩ ቀላል ነው። የመሠረታዊ በረራ ሥልጠናው አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። የአብራሪነት ምልክት የሆነውን ክንፍ ደረቱ ላይ ያደረገ ዕለት የ10 ዓመት የአገልግሎት ግዴታው መቆጠር ይጀምራል። ከዚያ የሚያበረውን አውሮፕላን ይማርና ስኳድሮን ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለ ምድብ የሚያስብ ወጣት ብዙ አይደለም፤ ሐሳቡ ሁሉ በረራው ላይ ነው። የመሪ አውሮፕላን ተከታይ ሆኖ ይጀምራል፣ ቡድን መሪ ይሆናል፣ ከቀናውም አስተማሪ ይሆናል።

ከዚያ ስልክ ይደወላል። ምድብ የሚያወጣው የአየር ኃይሉ የሰው ኃይል ማዕከል ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ፣ ራንዶልፍ በሚባለው ጦር ሰፈር ነው ያለው። የሚሰጠው ሥራ ዓይነቱ ብዙ ነው። ፔንታጎን ወይም አንድ ዕዝ ውስጥ የስታፍ መኮንንነት፣ ማለትም የቢሮ ሥራ አለ። ከምድር ጦሩ ጋር ሆኖ የአየር ድጋፍ የሚያስተባብር መኮንንነት አለ። ኮሎራዶ ባለው አካዳሚ ማስተማርም አለ። ሥልጠና ማዕከል ውስጥ የበረራ አስተማሪ መሆንም ከተዋጊ ስኳድሮን ያርቃል፣ ግን ቢያንስ ከሰማይ አያርቅም። ድሮንም እንደ በረራ ይቆጠራል። ሆኖም ከኤፍ 16 ወርዶ ኔቫዳ ውስጥ ስክሪን ፊት የተቀመጠ ሰው ስሜቱ ሌላ እንደሚሆን ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አብራሪዎቹ «በር» የሚሉት ነገር አለ። አብራሪው ባይበርም የበረራ አበሉ እንዳይቋረጥ፣ በበረራ አገልግሎቱ 12ኛ ዓመት ላይ ቢያንስ 8 ዓመት በበረራ ምድብ ላይ ማሳለፍ አለበት። ሁለተኛው በር 18ኛው ዓመት ላይ ነው። እዚያ ሲደርስ በበረራ ምድብ ላይ ያሳለፈው 10 ዓመት ካለው አበሉ እስከ 22ኛ ዓመት ይቀጥላል፤ 12 ዓመት ካለው እስከ 25ኛ። በሩን ያላለፈ ሰው አበል የሚያገኘው በትክክል በሚበርበት ጊዜ ብቻ ነው።

ይህ ሥርዓት የመጣው በ1974 በወጣ ሕግ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቁጥሮቹ በኋላ ተሻሽለዋል። ከሕጉ በፊት ለረጅም ዓመታት አበል የሚገኘው በየወሩ ቢያንስ 4 ሰዓት በመብረር ነበር። ቢሮ የሚውሉት መኮንኖችም ለአበሉ ሲሉ አውሮፕላን ያስነሱ ነበር። ነዳጅም ገንዘብም ይበላ ነበር። በሩ ያንን አስቀረ። በምትኩ ግን አብራሪው ዓመቶቹን እንደ ቁጠባ ደብተር እንዲቆጥር አደረገው።

እስቲ አብረን እናስላ። 12 ሲቀነስ 8፣ 4 ዓመት ይቀራል። አንድ የሦስት ዓመት የቢሮ ምድብ ወሰደ እንበል። ከዚያ ጎበዝ ስለሆነ አላባማ፣ ማክስዌል ወዳለው የስታፍ ኮሌጅ ለ10 ወር ተላከ። አለቀ፤ የቀረው ሁለት ወር ነው። ሁለቱም ምድብ ለማዕረጉ ጥሩ ነው። ሁለቱም ተደርበው ሲመጡ ግን በሩን ያጠቡበታል። በዚህ ላይ እነዚህ ዓመታት ሌላም ነገር ይዘው ይመጣሉ። የሻለቃነት ዕድገት የሚታየው 10ኛው ዓመት አካባቢ ነው። የ10 ዓመቱ ግዴታም ብዙ ሳይቆይ ያልቃል። ሰውየው መቆየትና መውጣትን የሚመዝነው ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ሲገጥመው ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ጠረጴዛውን መሸሽ ዕቅድ አይሆንም። ጄኔራል ለመሆን የሚያስብ መኮንን ከ1986ቱ የጎልድዋተር ኒኮልስ ሕግ ወዲህ ከሌሎች የጦር ክፍሎች ጋር በጋራ የሚሠራበት ምድብ ያስፈልገዋል፤ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቢሮ ነው። ሰው ሊመርጠው የሚችለው መቼ እንደሚሄድና እንዴት እንደሚመለስ ነው። አስተማሪ ሆኖ፣ በቂ ሰዓት ይዞ የሄደ ሰው ሲመለስ የሚያስታውሰው አለ። ገና ቡድን መሪ ሳይሆን የተነሳ ግን ሲመለስ እኩዮቹ ጥለውት ሄደው ያገኛቸዋል።

መመለሱም ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። የበረራ ሕክምና ምርመራ አለ። እንደገና ብቁ የሚያደርግ ኮርስ አለ፤ ሲሙሌተር፣ ከዚያ አውሮፕላኑ ራሱ። እጅ ይረሳል። ሦስት ዓመት ፓወርፖይንት ሲሠራ የከረመ ሰው ሬዲዮው ላይ ሲያወራ እንኳ ያስታውቃል። ቤተሰቡም በዚህ መሃል ሁለቴ ዕቃ ጠቅልሏል፤ ሚስት ሥራ ቀይራለች፣ ልጆች ትምህርት ቤት።

አየር ኃይሉ ይህ ሁሉ ነገር ሰው እንደሚያስወጣበት ያውቃል። በቅርብ ዓመታት ወደ 2,000 የሚጠጋ የአብራሪ እጥረት እንዳለበት በይፋ ሲናገር ቆይቷል። በ2023 ግዴታቸው ሊያልቅ የተቃረበ አብራሪዎች ለመቆየት ቢፈርሙ በዓመት እስከ 50,000 ዶላር አቅርቧል። ይህን ገንዘብ የፈቀደው ሕግ የምድብ ምርጫንም እንደ ማባበያ ፈቅዷል። ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ሁለተኛው ይበልጥ ልብ የሚነካ ይመስለኛል።

ውጪ የሚጠብቀው አየር መንገድ ነው። የጦር አብራሪ ከ1,500 ሰዓት ይልቅ በ750 ሰዓት የረዳት አብራሪ ፈቃድ ማግኘት ይችላል። እዚያ ግን ሁሉ ነገር በቅጥር ቀን ይወሰናል፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይመርጣል። ጡረታውም በ65 ዓመት ነው። አየር መንገዶች የቅርብ ጊዜ በረራ ማየት ስለሚወዱ፣ የመጨረሻ ምድቡ ቢሮ የሆነበት ሰው ይቸገራል።

ባሕር ኃይሉ በሌላ መንገድ ይሄዳል። አብራሪው ባሕር ላይ አንድ ዙር፣ የብስ ላይ አንድ ዙር እያለ ይቀጥላል። ቀጥሎ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ በረራ በሌለበት ሥራ ሊመደብ ይችላል። የመርከቧን ማስወንጨፊያ የሚመራው መኮንን ብዙ ጊዜ ራሱ አብራሪ ነው፤ ጓደኞቹን እያስነሳ እሱ መርከቡ ላይ ይቀራል።

ማብረር ብቻ ለሚፈልግ ልጅ ከሁሉም የሚቀርበው የምድር ጦሩ ነው። እዚያ ዋራንት ኦፊሰር የሚባል ማዕረግ አለ፤ ከበታች ሹምና ከመኮንን መካከል ያለ ነው። አብዛኛዎቹ የሄሊኮፕተር አብራሪዎች እነዚህ ናቸው፤ ሥራቸውም በዋናነት በረራ ነው። ዲግሪ አይጠየቅም፣ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ይበቃል። ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ግን ግዴታው እዚያም 10 ዓመት ሆኗል። አሜሪካ ያደገ ልጃቸው «ፓይለት እሆናለሁ» ላላቸው ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። የመኮንኑም የዋራንት ኦፊሰሩም መንገድ የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ለተራ ወታደርነት ይበቃል፤ ለመኮንንነትና ለዋራንት ኦፊሰርነት ግን አይበቃም።