የቱርቦ ናፍጣ መኪና ጭስ ማውጫ፦ ጋራዥ ውስጥ የሚወራውና እውነታው

ላንድክሩዘር፣ ሃይሉክስ፣ ፓትሮል ወይም ፓጄሮ የያዘ ሰው አንድ ሻይ ጠጥቶ እስኪጨርስ ጋራዥ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ስለ ጭስ ማውጫ ሦስት የተለያየ ምክር ይሰማል። አንዱ «ማርሚታውን (የድምፅ ማፈኛውን) አውጥተህ ጣለው» ይለዋል። ሌላው «እንዳትነካው፣ ሞተሩ ግፊት ይፈልጋል» ይላል። ሦስተኛው አራት ኢንች ቱቦ ካስገባህ መኪናህ ይበራል ብሎ ይምላል። ሦስቱም ተሳስተዋል። የሚገርመው ግን ሦስቱም የተነሱት ከተወሰነ እውነት ነው።

«ሞተር የመልስ ግፊት ካጣ ጉልበት ያጣል»

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይቺ ናት። የመልስ ግፊት የሚባለው ጭሱ ሲወጣ ከቱቦው የሚገጥመው ግፊት ነው። የመጣችው ቱርቦ፣ ማለትም በጭስ እየተሽከረከረ ሞተሩ ውስጥ አየር የሚጨምቅ መሣሪያ፣ ከሌለው የቤንዚን መኪና ነው። እዚያ ላይ ቱቦው ከመጠን በላይ ሲሰፋ ጭሱ ፍጥነቱን ያጣል። ከአንዱ ሲሊንደር የወጣው ጭስ የሚቀጥለውን ስቦ የማስወጣት አቅሙ ይደክማል። በዝቅተኛ ዙር መኪናው ይከብዳል። ሰው ይህን አይቶ «አሃ፣ ግፊቱ ጠፍቶ ነው» አለ። የጠፋው ግን የጭሱ ፍጥነት እንጂ ግፊቱ አይደለም።

ቱርቦ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ቱርቦውን የሚያሽከረክረው ከፊቱና ከኋላው ባለው ጭስ መካከል ያለው የግፊትና የሙቀት ልዩነት ነው። ከኋላው ያለው ቱቦ ከጠበበ ልዩነቱ ያንሳል። ቱርቦው ይዘገያል፣ ሞተሩም ያንኑ አየር ለማግኘት ጭሱን በበለጠ ጉልበት መግፋት ይኖርበታል። ስለዚህ ከቱርቦው በኋላ ያለው ግፊት ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው። «ትንሽ ይቅርለት» የሚባል ነገር የለም።

ከቱርቦው በፊት ያለው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከሲሊንደር ራስ እስከ ቱርቦው ያለው መንገድ አጭርና ትኩስ ሆኖ እንዲቆይ ይፈለጋል። እዚያ ላይ በሰፊ ቱቦ የሚጫወት ሰው ቱርቦውን ያደነዝዘዋል።

እኛ ሀገር ደግሞ ከፍታ የሚባል ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦው የጎደለውን አየር ለመሙላት በፍጥነት ይሽከረከራል። ከጀርባ የሚወጣው ጭስም ሳስቶ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ በዚያው ቱቦ ውስጥ በፍጥነት ማለፍ አለበት። ጠባብ ቱቦ ጅቡቲ ላይ ያን ያህል ሳያስቸግር ባሌ ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ሊያስቸግር የሚችለው ለዚህ ነው።

«የኔም ናፍጣ ነው፣ ያው ነው»

ያው አይደለም። እዚህ ከምናያቸው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘሮች ብዙዎቹ የያዙት 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር 1ኤችዜድ ሞተር ነው። ጠንካራ ሞተር ነው፣ ግን ፋብሪካው ቱርቦ አልሰጠውም። ከላይ ያልኩት የቱርቦ ጨዋታ እሱን አይመለከተውም፤ ለሱ ትልቅ ቱቦ ገዝቶ መለፋት ትርፉ ጩኸት ነው። በተቃራኒው 1ኤችዲ የሚባሉት የላንድክሩዘር ሞተሮች፣ 3.0 ሊትር 1ኬዲ እና 2.8 ሊትር 1ጂዲ ቱርቦ አላቸው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱና የሞተሩን ስም አንብቡ።

«ቱቦው በሰፋ ቁጥር መኪናው ይፈጥናል»

እስከ አንድ ቦታ ድረስ እውነት ነው። ከሁለት ኢንች ተኩል ወደ ሦስት ኢንች ሲኬድ የቱቦው አፍ ስፋት በ44 በመቶ ይጨምራል። ይህ ቀላል አይደለም። ለአብዛኛው ከ2.5 እስከ 4.5 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ሦስት ኢንች ይበቃል። ሞተሩ ብዙ ካልተነካካ በቀር፣ ሦስት ሊትር ሞተር ላይ አራት ኢንች ማሰር የሚጨምረው ክብደት ነው።

ገጠር ለሚነዳ ሰው ሌላ ጣጣም አለው። ወፍራም ቱቦ ወደ ታች ይንጠለጠላል። መጀመሪያ ድንጋይ የሚነካው እሱ ይሆናል። በሻሲው መስቀለኛ ብረት ላይ ወይም ከካንቢዮው አጠገብ እንዲያልፍ ካልተደረገ፣ አንድ ጉብታ ላይ ተጨፍልቆ ከፋብሪካው ቱቦ የባሰ ጠባብ ሆኖ ይመለሳል። ወደ ፍሬን ቱቦ፣ ወደ ነዳጅ ታንከርና ወደ ሽቦዎች ከተጠጋ ደግሞ ሙቀቱ ያበላሻቸዋል። ሞተሩ በጎማ ትራስ ላይ ስለተቀመጠ ይንቀጠቀጣል፤ መሀል ላይ ተጣጣፊ ቱቦ ከሌለ የሚሰነጠቀው ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ክፍል) ወይም ብየዳው ነው።

ብዙ ሰው ዲያሜትር ሲቆጥር የሚረሳው መታጠፊያውን ነው። ሠፈር ውስጥ በተራ ማጠፊያ የተጠመዘዘ ቱቦ ሆዱ ላይ ይጨማደዳል። መታጠፊያው ላይ እጃችሁን አሳልፉበት፤ ክቡ ወደ እንቁላል ቅርጽ ሲለወጥ በጣት ይታወቃል። ሦስት ኢንች ብላችሁ የከፈላችሁበት ቱቦ እዚያች ቦታ ላይ ሁለት ኢንች ተኩል ሊሆን ይችላል። ጭሱ ደግሞ የሚቸገረው ጠባቡ ጋ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ውስን ከሆነ ከቱርቦው ቀጥሎ ባለው የመጀመሪያ ቱቦ ላይ ጀምሩ። የፋብሪካው ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚታነቀው እዚያ ነው፤ ጭሱ በጣም ትኩስ ሆኖ፣ እየተሽከረከረ የሚወጣበት ቦታ ነውና።

«ጭስ ማውጫ ቀየርኩ፣ ሠላሳ ፈረስ ጨመርኩ»

እንዲህ የሚል ሰው ከጭስ ማውጫው ጋር የኮምፒውተሩን ፕሮግራም አስቀይሯል፣ ወይም የነዳጅ ፖምፓውን አስከፍቷል። ቱቦ ብቻውን ነዳጅ አይጨምርም።

እንደ 1ኬዲ እና 1ጂዲ ያሉት ዘመናዊ ሞተሮች ላይ ቱርቦው ውስጥ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ ክንፎች አሉ። የቱርቦውን ግፊት የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ጭሱ ቢፈታለት ክንፎቹን ትንሽ ከፈት አድርጎ ያንኑ ግፊት ይይዛል። የምታገኙት ጥቅም ቱርቦው ቀደም ብሎ መንቃቱ፣ የጭሱ ሙቀት ዝቅ ማለቱና ዳገት ላይ ሞተሩ ቀለል ማለቱ ነው። እኔ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም፤ ግን ሠላሳ ፈረስ አይደለም።

የድሮዎቹ ላይ ግፊቱን የሚገታው ትርፍ ጭስ የምታሳልፍ ትንሽ በር ናት፤ መካኒኮች ዌስትጌት ይሏታል። ከኋላ ያለው መንገድ በጣም ሲከፈት በሯ የሚበቃትን ያህል ማሳለፍ ሊያቅታት ይችላል። ያኔ ግፊቱ ከተቀመጠለት አልፎ ይወጣል። ደጋ ላይ ቱርቦው ቀድሞውኑ በፍጥነት እየተሽከረከረ ስለሆነ ይህ ጥሩ ዜና አይደለም።

ስለዚህ ከቱቦው በፊት ሁለት ጌጅ ግዙ፦ አንዱ ለቱርቦ ግፊት፣ አንዱ ለጭስ ሙቀት። ከቱርቦው በፊት ሲለካ ሙቀቱ 700 ዲግሪ አካባቢ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ከቆየ እግርን ከነዳጁ ማንሳት ነው። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ፒስተኑን የሚያድነው ከሥሩ የሚረጨው ዘይትና ከጎኑ ያለው ውኃ ነው፤ እነሱም ወሰን አላቸው።

ቱቦው ጠቧል ወይስ አልጠበበም የሚለውን ለማወቅ ግምት አያስፈልግም። ከቱርቦው በኋላ ባለው ቱቦ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳና ዳዶ ይበየዳል። ከዚያ በቀጭን የመዳብ ቱቦ አነስተኛ የግፊት ጌጅ ይታሰራል። መኪናው ተጭኖ፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ተረግጦ የእንጦጦን ዳገት ይውጣ። ጌጁ ከ0.1 ባር በታች ካሳየ የናንተ ችግር ጭስ ማውጫው አይደለም። የአየር ፊልትሮውን፣ የኢንተርኩለሩን (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) የጎማ ቱቦዎች፣ የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን እዩ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ጠክ ጠክ የሚል ድምፅ ተሰምቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የማኒፎልድ ስንጥቅ ወይም የላላ ቡሎን ነው። ቱርቦውን ማዞር የነበረበት ጭስ በዚያ እየሾለከ ነው። አንድ ጓርኒሲዮን የሚፈታውን ነገር በሙሉ ሲስተም ለመፍታት መሞከር የተለመደ ነው።

«ማርሚታ ከወጣ ጉልበት አለ፣ ድምፁ ይመሰክራል»

ድምፁ የሚመሰክረው ማርሚታ አለመኖሩን ብቻ ነው። ቱርቦው ራሱ የጭሱን ድምፅ ያፍነዋል፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ ውስጡ ክፍት የሆነ ማርሚታ ብዙም ሳያፍን ጩኸቱን ይቀንሳል። ያለሱ ከሆነ በ2,000 ዙር አካባቢ ጆሮ የሚበላ ጉምጉምታ ይኖራል። አንድ ሰዓት የሚታገሠው ሰው አለ፤ አዲስ አበባ ጂንካ ድረስ የሚታገሠው አላየሁም።

የኋላ መስኮት ወይም በር ከፍቶ መንዳት ደግሞ ሌላ ነገር ያመጣል። ሃርድቶፕ በመሳሰሉ ቦክስ ቅርጽ መኪኖች ከኋላ የሚፈጠረው የአየር ሽክርክሪት ጭሱን መልሶ ወደ ውስጥ ይስበዋል። የቱቦው ጫፍ ከኋላ መከላከያው አልፎ መውጣት ወይም ወደ ጎን መዞር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ የፈረጀው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው።

«ጥቁር ጭስ ካልወጣ ናፍጣ አይደለም»

ጥቁር ጭስ ማለት አየር አጥቶ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ ነው። ከፍላችሁበት በቱቦ ወጣ ማለት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት፣ ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭስ ካልጠፋ ውኃ ወይም የታመመ ኖዝል (ነዳጅ መርጫ) ጠርጥሩ።

«ዲፒኤፉን ቁረጠው»

አዳዲስ መኪኖች ላይ ጥቀርሻውን የሚይዝ፣ ዲፒኤፍ የሚባል ማጣሪያ አለ። ሲሞላ 600 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ራሱን ያቃጥላል። ለዚህ መንገድ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ከቦሌ መገናኛ እየተንፏቀቀ የሚውል መኪና ይህን አያገኝም፤ ስለዚህ ይታፈናል፣ መብራት ይበራል፣ ባለቤቱም መጋዝ ይፈልጋል። ከመቁረጥ በፊት ረጅም መንገድ ወስዶ ሞቅ አድርጎ መንዳት፣ ካልሆነም ማስጸዳት ይቀድማል። ተቆርጦ ፕሮግራሙ ካልተስተካከለ ኮምፒውተሩ ጉልበት ይቀንሳል። ውጭ ለምትኖሩት ደግሞ፦ በእንግሊዝ ከየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማጣሪያው የወጣለት መኪና ዓመታዊውን ምርመራ አያልፍም፤ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። እዚያ የምትለውጡት ከማጣሪያው በኋላ ያለውን ቱቦ ነው።

«ጭስ ማውጫው ውኃ ውስጥ ከገባ ሞተሩ አለቀለት»

ሞተሩ እየሠራ እስካለ ጭሱ ውኃውን ይገፋዋል። ሞተር የሚገድለው በአየር መሳቢያው የሚገባው ውኃ ነው፤ ውኃ አይጨመቅም፣ የሚታጠፈው የፒስተኑ ዘንግ ነው። ወንዝ መሀል ሞተሩ ከጠፋ ግን ቁልፉን ደጋግሞ ማዞር አይገባም። መጎተት ነው የሚሻለው፤ ከዚያ ፊልትሮውን ከፍቶ ማየት።

«ክፍት ጭስ ማውጫ የዓባይ በረሃን ቁልቁለት አደገኛ ያደርጋል»

ይህ ስጋት የመጣው ከአይሱዙ ሾፌሮች ነው፤ እነሱ ጭሱን በቫልቭ ዘግቶ መኪናውን የሚይዝ የኤግዞስት ብሬክ አላቸው። ፒካፕና ላንድክሩዘር ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ያ ቫልቭ የለም። ቱቦው ሲሰፋ የሚቀንሰው የሞተር ፍሬን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከጎሃጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ የሚይዛችሁ ማርሽ ነው።

«ማግኔት ከያዘው ስቴንለስ አይደለም»

የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ማግኔት ይዞ የሚዞር ገዢ አለ። ለጭስ ማውጫ የሚሠራው 409 የሚባለው ስቴንለስ ማግኔት ይይዘዋል፤ ስቴንለስ ነው። 304 ግን እምብዛም አይይዘውም፣ ዋጋውም ውድ ነው። አፋር ጨው ላይ ለሚሠራ መኪና 304 ያዋጣል። ደጋ ለሚውል 409 ይበቃዋል። የትኛውንም ብትገዙ በያጁን የስቴንለስ ኤሌክትሮድ እንዲጠቀም ንገሩት። በተራ ኤሌክትሮድ የተበየደ ስቴንለስ መጀመሪያ የሚዝገው ብየዳው ላይ ነው።